ባለጉዳዩ ሳይሰማ ፍርድ?

የፍትሐ ብሔር ክርክር በጽሑፍ ብቻ ቢያልቅ ማን ይጠቀማል? ማንስ ይጎዳል? ጥያቄው የጠበቆች ብቻ አይደለም። በቢቸናና በሞጣ መካከል በምትገኘው የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ፣ በጉንደ ወይን ለሚሟገት ገበሬ የእርሻ መሬቱ ጉዳይ ነው።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሁለቱንም መንገድ አጣምሯል። ክሱም መልሱም በጽሑፍ ይቀርባል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው የክርክር መስሚያ ቀን ፍርድ ቤቱ ተከራካሪዎቹን በቃል እንደሚመረምር አንቀጽ 241 ይደነግጋል። የታመነውና የተካደው የሚለየው እዚያ ላይ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ግን ወረቀቱ ይገንናል። በፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ብዙው ጉዳይ አቤቱታው፣ መልሱና የመልስ መልሱ ተመርምሮ ይወሰናል። ሰበር የሚያርመው የሕግ ስህተት በመሆኑ ይህ ብዙም አይከፋም።

አደጋው ይኸው ልማድ ፍሬ ነገር ወደሚጣራበት ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ሲወርድ ነው። ማንበብ የማትችል አንዲት ባለይዞታ መሬቷን ለረዥም ዓመት አከራይታለች ተብሎ አሻራዋ ያለበት ውል ቀረበባት እንበል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 መሠረት ያልተማረ ሰው አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድድም። ማመልከቻ ጸሐፊው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ በመልሷ ውስጥ ካላሰፈረላት ነጥቡ ተሰውሮ ይቀራል። ዳኛው «አሻራሽን ስታደርጊ ማን ነበረ?» ብሎ ቢጠይቃት ግን በአንድ አፍታ ይወጣል።

የጽሑፍ ክርክር ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። በቀጠሮ ብዛት የእርሻ ጊዜው የሚባክንበትን፣ ለይግባኝ ደብረ ማርቆስ ድረስ የሚንከራተተውን ባለጉዳይ ያሳርፋል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተካሄደው ውጊያ መንገዱን ምን ያህል እንዳከበደው የሚያውቅ ሁሉ ይህን አይንቅም።

ሌላው ዓለም እንዴት አስታረቀው? በእንግሊዝ አነስተኛ የገንዘብ ክርክር ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ያለ ችሎት ሊወሰን ይችላል። የአውሮፓ ኅብረትም ድንበር ተሻጋሪ ለሆኑ አነስተኛ ክርክሮች የጽሑፍ ሥርዓት ዘርግቷል፤ አስፈላጊ ሲሆን ግን የቃል መስሚያ ይኖራል።

ለእኛም መለኪያው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፍሬ ነገሩ ካልተካደና ሁለቱም ወገኖች ከፈቀዱ ወረቀቱ ይበቃል። የተካደ ፊርማ፣ አሻራ ወይም ድንበር ካለ ግን ባለጉዳዩ በአንደበቱ ይናገር። በ«በላ ልበልሃ» ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ዳኛ ፊት ቆሞ መናገርን የፍትሕ መጀመሪያ አድርጎ ያየዋል። ሳይሰማ የተረታ ሰው ፍርዱ ትክክል ቢሆንም እንኳ ተፈረደብኝ አይልም፤ ተበደልኩ ይላል እንጂ።