የመኖሪያ ፈቃድና ትራምፔት

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. የአሜሪካ ራዲዮኖች ደጋግመው ካሰሟቸው ዘፈኖች አንዱ «ስፒኒንግ ዊል» ነበር፤ የሚሽከረከር መንኰራኵር ማለት ነው። የተጫወተው «ብለድ፣ ስዌት ኤንድ ቲርስ» ወይም «ደም፣ ላብና እንባ» የተባለ ዘጠኝ ሰዎች የነበሩበት የኒውዮርክ ባንድ ሲሆን፣ የሮክን ምት ከጃዝ የትንፋሽ መሣሪያዎች ጋራ ያጋባ ነው። በትልቁ ሸክላ ላይ የሉ ሶሎፍ ትራምፔት በዘፈኑ መካከል ብቻውን ወጥቶ እንደ ልቡ ይጫወታል። ለራዲዮ በወጣው ትንሹ ሸክላ ላይ ግን ይኸው ክፍል አብዛኛው ተቆርጧል። የተቆረጠውም ዘፈን በሽያጭ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ።

በ1970 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ባንዱን ወደ ዩጎዝላቪያ፣ ወደ ሩማኒያና ወደ ፖላንድ ላከው። ሙዚቀኛ መላክ ለመሥሪያ ቤቱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በ1973 ዱክ ኤሊንግተን አዲስ አበባ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። ቡካሬስት ላይ ወጣቱ ከልክ በላይ ስለ ፈነጠዘ፣ የአገሩ ሹማምንት ምቱ እንዲለዝብና ጃዙ እንዲበዛ አዘዙ። የኒውዮርክ ነጋዴ የቆረጠውን ጃዝ የሩማኒያ ሹም ጨምሩልኝ ማለቱ ነው! በማግሥቱም ፖሊሶች ውሻ ይዘው መጡ።

ሙዚቀኞቹ ወዳገራቸው ተመልሰው ያዩትን ለጋዜጠኞች ቢናገሩ፣ በቪየትናም ጦርነት የተነሣ መንግሥቱን አምርሮ ይቃወም የነበረው ወጣት የመንግሥት መሣሪያ ሆናችሁ አላቸው። እነሱም ራሳቸው ጦርነቱን ይቃወሙ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኙም። በኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ሲጫወቱ ሰልፈኛ ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

ለምን እንደ ሄዱ በሰፊው የተሰማው በ2023 በወጣ ዘጋቢ ፊልም ነው። የዘፈኑ ደራሲና ድምፃዊ ዴቪድ ክሌይተን ቶማስ የካናዳ ሰው በመሆኑ በአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ችግር ነበረበት፤ የጉዞው ስምምነትም ከዚሁ ጋራ የተያያዘ ነበር።

እኛ ይህን ሰምተን ባንዱን ጀግና አናደርገውም። ምክንያቱን በጊዜው ቢገልጹት ኖሮ ከወቀሳው ከፊሉ ይቀርላቸው ይሆናል፤ ግን ገልጠው ቢናገሩ ፈቃዱ ምን ይሆን ነበር? ማኅተም የያዘ ሹም «ፈቃድህ ከሆነ» ብሎ ሲጠይቅ፣ የተጠየቀው ሰው የሚሰማው ትእዛዝ ነው። ከቢሮው ጠረጴዛ ወዲያ ማዶ ግን ነገሩ ትብብር ተብሎ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በጉዞው ላይ የተነሣው ፊልምም በዚያን ጊዜ ለሕዝብ ሳይታይ ቀረ።