ቤተሰብ ይዞ ወደ ጅቡቲ መውረድ



ጅቡቲ ከተማ ከኢትዮጵያ ጋር አብራ ያደገች ናት። ፈረንሳዮች የቆረቆሯት በ1880ዎቹ መጨረሻ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የምድር ባቡሩ ሥራ ከዚያው ከባሕሩ ዳር በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ። ሐዲዱ ከዕቃው ጋር ሠራተኛውንና ነጋዴውን ከነቤተሰቡ ሲያመላልስ ኖሯል። ዛሬ ግን ጅቡቲ በኢትዮጵያ የምትነሣው በኮንቴይነርና በወደብ ክፍያ ዜና ነው፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው የሚጎበኟት ከተማ ተደርጋ አትታሰብም። ይህ ሊታረም ይገባል።

ዝምድናው ባይቋረጥም ጉብኝቱ የአንድ ወገን ሆኗል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍባቸው የክረምት ወራት አቅም ያላቸው የጅቡቲ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ሐረርና ወደ አዲስ አበባ ይወጣሉ። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ግን በአብዛኛው የከባድ መኪና ሾፌር፣ ሥራ ፈላጊ፣ ወይም ከባሕር ዳሯ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን ለመሻገር የተነሣ ወጣት ነው። ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች የጅቡቲን ስም በዚህ መከራ ብቻ ማወቃቸው ያሳዝናል።

የከተማዋ መሐል በእግር የሚዳረስ ነው። አገሪቱ ነፃ በወጣችበት በጁን 27 ቀን 1977 የተሰየመውን አደባባይ ነዋሪው ዛሬም ምኒልክ አደባባይ ይለዋል። ከዚያ ጥቂት እልፍ ሲሉ በ1906 የተሠራው የሐሙዲ መስጊድ በማሕሙድ ሐርቢ አደባባይ ቆሞ ይታያል፤ ዙሪያው ገበያ ነው። በዚህ አጭር መንገድ አንድ ልጅ ሶማሊኛና አፋርኛ ከመንገደኛው፣ ዐረብኛ ከሱቁ፣ ፈረንሳይኛ ከተማሪው፣ አማርኛ ደግሞ ከእንጀራ ቤቱ ይሰማል። ለምሳ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ቅመም ተቀብቶ በሸክላ ምድጃ የተጠበሰ የየመን ዓሣ ከስስ ቂጣ ጋር ይቀርባል። የየመን ሰዎች በከተማዋ የቆዩ ነዋሪዎች ናቸው፤ ከ2015 ወዲህም የአገራቸው ጦርነት ሌሎችን አምጥቷል።

የባልባላን ሰፈር ሳያውቁ መመለስ ግን ጉብኝቱን ጎዶሎ ያደርገዋል። በ1966 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል ከተማዋን ሲጎበኙ ሕዝቡ ነፃነት ጠይቆ ሰልፍ ወጣ፤ ሁከቱም ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ከገጠርና ከጎረቤት አገሮች የሚመጣውን ሰው ለመከልከል ከተማዋን በእሾህ ሽቦ አጠረ። እንዳይገቡ የተከለከሉት ከአጥሩ ማዶ ጎጆ ቀለሱ፤ ያ ሰፈር ባልባላ ሆነ፤ ዛሬ ሕዝብ እጅግ ከበዛባቸው የከተማዋ ክፍሎች አንዱ ነው። ብዙ ቋንቋ የሚነገርባት ከተማ እንዲህ በቀላሉ እንዳልተገኘች ልጆች ይህን ሰምተው ቢያድጉ መልካም ነው። 

ጊዜው መመረጥ አለበት። የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ረጅም ዕረፍት በጅቡቲ ሐሩር ወራት ስለሚውል ለሕፃናት አይሆንም። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው አየር ግን ደስ ይላል፤ በሁለቱ ወሰነ ትምህርቶች መካከል ያለችው አጭር ዕረፍትም እዚያው ላይ ታርፋለች። በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ከአዲስ አበባው ለቡ ጣቢያ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከጅቡቲ ከተማ ዳር ናጋድ ጣቢያ ይደርሳል።

ወጪው እንደሚከብድ መካድ አይገባም። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 ጀምሮ ከዶላር ጋር የተቆራኘ ነው፤ የሚበላውም በአብዛኛው ከውጭ ይገባል። በዚህም ምክንያት መኝታና ምግብ ከድሬዳዋ ይወደዳል። ሆኖም ባሕር አይቶ የማያውቅ ልጅ ላለው የአዲስ አበባ ወይም የድሬዳዋ ቤተሰብ ከዚህ የቀረበ ወደብ ከተማ የለም። ደግሞም አትክልቱ ከኢትዮጵያ የሚሄድላት፣ ከ2011 ጀምሮም ከመብራቷ ብዙውን ከኢትዮጵያ የምታገኝ ከተማ ናት።

እንግዲህ የባቡሩ አስተዳደርና አስጎብኚዎች በዚያች የዕረፍት ሳምንት ለቤተሰብ የሚሆን ጉዞ ቢያዘጋጁ ጥሩ ነው። የዝግጅት ክፍሉም ስለ ጅቡቲ ሲጽፍ ከወደብ ዜናው ጎን ለሰፈሮቿና ለነዋሪዎቿ ገጽ ይስጥ።