ለማየት ብቻ

በአብዛኞቻችን አእምሮ ውስጥ የተሣለ አንድ የእስያ ካርታ አለ። ባንኮክ ስንል ሆስፒታል ማለታችን ነው፤ ዴልሂና ቼናይም እንደዚሁ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ዘመድ አዝማድ አዋጥቶለት የሚሄድባቸው ከተሞች ናቸው። ጓንጁ ስንል ሸቀጥ ነው። ዱባይ እኩሌታዋ ሸቀጥ፣ እኩሌታዋ ሥራ። ቤይሩትና ሪያድ እኅቶቻችን ጉልበታቸውን የሚያፈስሱባቸው የሰው ቤቶች ናቸው፤ ‹‹ዓረብ አገር›› ብለን ስለምንጠራቸው እስያ ውስጥ መሆናቸውን እንኳ ልብ አንልም። ኢየሩሳሌምና መካ የተሳላሚዎች ናቸው። ከነዚህ ነጥቦች ውጪ ያለው የዚያ ግዙፍ አህጉር ገላ በእኛ ካርታ ላይ ባዶ ወረቀት ነው፤ ጉዳይ የለንማ!

እንግዲህ አንዲት የጂኦግራፊ መምህርት ያለ አንዳች ጉዳይና ያለ አንዳች ተጓዳኝ ለመሄድ የምትዘጋጀው ወደዚህ ባዶ ወረቀት ነው። ስሟን አልጠቅስም። እኔ ከምሠራበት ባንክ ደንበኞች አንዷ ናትና የሒሳብ ደብተሯንም አልገልጥባችሁም። ስለ ጉዞዋ እንድጽፍ ግን ‹‹ስሜን ካላነሳህ የፈለግኸውን ጻፍ›› ብላ ፈቅዳልኛለች። በዕድሜ ታላቄ ናት፤ ፊት ለፊት ‹‹እርስዎ›› የምላትን በጽሑፍ ‹‹እርሷ›› ማለቴን አንባቢ እንደ ድፍረት አይቁጠርብኝ።

ዕቅዷ ይህ ነው። በሐምሌ አጋማሽ ሙምባይ ትደርሳለች። ከዚያ ህንድን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በባቡር አቋርጣ ኮልካታ ትገባለች፤ መንገዱ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ ከአንድ ቀን በላይም ይፈጃል። ቀጥላ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ስሙ ‹‹የደመና ማደሪያ›› ማለት ወደ ሆነው የሜጋላያ ግዛት ትወጣለች። ከዚያ በባንኮክ በኩል ፕኖም ፔን፤ (ታይላንድና ካምቦዲያ በ2025 እ.ኤ.አ. ከተጋጩ ወዲህ የየብሱን ድንበር ስላላመነችው በአውሮፕላን ልትሻገር ወስናለች።) በመጨረሻም የሜኮንግን ወንዝ ተከትላ ቬትናም ውስጥ ባሕር እስከሚገባበት ድረስ ትወርዳለች።

የጉዞ መጻሕፍት በሐምሌና በነሐሴ ወደነዚህ አገሮች አትሂዱ ይላሉ፤ ዝናብ ነውና። ነገር ግን የእኛ አገር መምህር ዕረፍት የሚያገኘው በክረምት ነው። ደግሞም እርሷ የምትፈልገው ዝናቡን ነው። ሜጋላያ ውስጥ ያለችው ቼራፑንጂ ከ1860 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. ባሉት አሥራ ሁለት ወራት ብቻ ከ26,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የተመዘገበባት ቦታ ናት፤ አዲስ አበባ በዓመት የምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። ፕኖም ፔን ላይ ከሜኮንግ ጋር የሚገናኘው የቶንሌ ሳፕ ወንዝ ደግሞ ከዚህም የሚብስ ጉድ አለው። በበጋ ከሐይቁ ተነሥቶ ወደ ሜኮንግ ይወርዳል። ክረምት ሆኖ ሜኮንግ ሲሞላ ግን ውሃው ተገልብጦ ወደ ኋላ፣ ወደ ሐይቁ ይፈስሳል፤ ሐይቁም ከበጋ ስፋቱ አራትና አምስት እጥፍ ይሆናል። መምህርቷ ይህን ወደ ኋላ የሚሄድ ወንዝ ለ18 ዓመታት በጠመኔ ሥላዋለች። በየዓመቱም ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ አይጠፋም፤ ‹‹ቲቸር፣ አይተውታል?›› የሚል። ‹‹መጽሐፉ ይላል›› ትለዋለች፤ ክፍሉም ይስቃል።

ባሕርም አይታ አታውቅም። ስለ ማዕበል፣ ስለ ውቅያኖስ ሞገድ፣ ከባሕር ተነሥቶ ስለሚነፍስ ዝናብ አዘል ነፋስ አስተምራ ለፈተና አብቅታለች፤ እግሯ ግን ጨው ውሃ ነክቶ አያውቅም። በዚህ እርሷ ብቻ አይደለችም፤ ወደብ አልባ አገር ውስጥ ባሕርን በሰሌዳ ላይ ብቻ የሚያውቁ ስንት መምህራን እንዳሉ ቁጠሩ። የሚገርመው፣ የኛው ክረምትና የህንዱ ሞንሱን በአንድ ወቅት የሚመጡ፣ በሰማዩም ከፍታ የተሳሰሩ መሆናቸው ነው። ከቲቤት አምባ በስተደቡብ የሚነሣው የከፍታ ነፋስ ህንድን አልፎ የእኛንም የክረምት ዝናብ ይወስናል። ያ የሐምሌ ደመና የሩቅ ዘመድ እንዳለው የምታውቅ ሴት ዘመዱን ልይ ብትል ምን ይደንቃል?

ግን ይደንቃል። እኔ ባንክ ውስጥ የምሠራው በውጭ ምንዛሪ መስኮት ነው፤ ተጓዥ ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና የአውሮፕላን ቲኬቱን ይዞ ሲመጣ ቅጽ ይሞላል። በቅጹ ላይ ‹‹የጉዞው ዓላማ›› የሚል መስመር አለ። ባለፉት ዓመታት በዚያ መስመር ላይ ሕክምና፣ ንግድ፣ ስብሰባ፣ ሥልጠና፣ ትምህርት፣ መንፈሳዊ ጉዞ ሲጻፍ አይቻለሁ። እርሷ ‹‹ለማየት›› ብላ ጻፈች። አጠገቤ ያለው ባልደረባዬ ቅጹን አንብቦ በቅን ልቡና ‹‹‹ጉብኝት› ይበሉት›› አላት፤ አስተካክላም ጻፈችለት። ይህን ጊዜ ሌላዋ ባልደረባችን ቀና ብላ ‹‹ማንን ነው የሚጎበኙት?›› ስትል ጠየቀች። ልብ በሉ፤ በአማርኛችን የሚጎበኘው ሰው ነው፤ የታመመ፣ የወለደች፣ ውጭ አገር የሚኖር ልጅ። አገር ለማየት ብቻ መሄድ ፈረንጅ ሲያደርገው ቱሪዝም ይባላል፤ ሆቴል እንሠራለታለን፣ አስጎብኚ እናሠለጥንለታለን። የእኛ ሰው ሲያደርገው ግን ‹‹ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች›› ይባላል። ይህችን ተረት በመምህርቷ ላይ የተረቱባት ጎረቤቷ ናቸው፤ እኒሁ እትዬ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ‹‹ከሄድሽ አይቀር እዚያው ቅሪ›› ብለዋታል።

በአንድ ኤምባሲ የቪዛ መስኮት የገጠማትም ይኸው ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ደመወዟ የመምህር ደመወዝ፤ ታዲያ ለመመለስሽ ምን ማስረጃ አለሽ? ጎረቤቷና ቪዛ ሰጪው ሳይተዋወቁ በአንድ ሐሳብ ተስማምተዋል፤ ኢትዮጵያዊት ብቻዋን ሻንጣ ይዛ ከወጣች አትመለስም፣ ወይም መመለስ የለባትም። አንደኛው በሥጋት፣ ሌላኛዋ በምኞት ይበሉት እንጂ ቃሉ አንድ ነው። እርሷ ያቀረበችው ማስረጃ በመስከረም ክፍል እንደምትገባ የሚገልጽ የትምህርት ቤቷን ደብዳቤ ነው። ቪዛው ከሁለት ቀጠሮ በኋላ ተሰጣት። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሄዶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ ሥራውን የሚቀጥል ኢትዮጵያዊ በማንም ሐሳብ ውስጥ አለመኖሩ ነው። ስደተኛን እናውቃለን፤ እንዘንለታለን፣ እንኮራበታለን፣ ገንዘቡንም እንጠብቃለን። መንገደኛን ግን አናውቅም።

እናቷ የያዙት ጥያቄ ሌላ ነው። ‹‹ከማን ጋር ነው የምትሄጂው ልጄ?››

‹‹ብቻዬን፣ እማዬ።››

‹‹ስትታመሚ ውሃ የሚያቀብልሽ ማነው ታዲያ?››

ለዚህ መልስ አላገኘችም፤ እኔም የለኝም። ‹‹ብቻ›› በእኛ ዘንድ የሐዘን ቃል ነው። ቢሆንም ስድስት ሳምንት በሰው አገር ብቻውን የሰነበተ ሰው ራሱን የሚያገኘው በዚያው ብቸኝነት ውስጥ ይመስለኛል፤ ግጥም የሚጽፍ ሰው ይህን ያውቀዋል። (ስለ እርሷ ግጥም ጀምሬ ነበር። ቤት እንዲመታልኝ ስል ኮልካታን ማስቀረት ግድ ሆነብኝና ተውኩት።)

ወዳጆቿም ነገሩን ሊያከብሩላት ሲሉ ዓላማ ይፈልጉለታል። ‹‹ለተማሪዎቿ ነው››፤ ‹‹መጽሐፍ ልትጽፍ ነው››፤ ‹‹ምርምር ይሆናል››። አንዱ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ስም አነሣ፤ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ ‹‹ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን››ን እንዳሳተሙ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ኅሩይ የሄዱት የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ነበር። ሌላው የአባቶቻችንን ትውልድ ያስተማሩትን፣ ከኬረላና ከሌላውም የህንድ ክፍል ባሕር ተሻግረው የመጡትን መምህራን አስታወሰ። እነርሱም ቢሆኑ የመጡት ሥራ ይዘው ነው። እኔ እነዚህን ምሳሌዎች አልወድላትም። ተማሪዎቿ ይጠቀሙ ይሆናል፤ ላይጠቀሙም ይችላሉ። መምህር ስለሆነች ብቻ ዓይኗ ያየውን ሁሉ ለክፍል እንድታስረክብ የሚጠየቅበት ምክንያት አይታየኝም። 18 ዓመት ሰጥታለች፤ ይህ ስድስት ሳምንት የራሷ ነው።

‹‹መምህር የቤት ኪራይ መክፈል ባቃተው ዘመን ይህ ቅንጦት አይደለምን?›› የሚለኝ አይጠፋም። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እርሷም ዋጋውን ታውቀዋለች። በሰኔ 2016 ዓ.ም. የዕቁብ ዕጣዋ ደረሳት። ሐምሌ 22 ቀን ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በአንድ ክረምት ቬትናም ከካርታዋ ወጣች፤ ካምቦዲያም ተከተለች። ሌላ ዕቁብ ገባች፤ ቅዳሜና እሑድ የግል ተማሪ እያስጠናች አገሮቹን አንድ በአንድ መለሰቻቸው። በዚሁ ባንክ ለሠርግ ሲበደሩ ያየኋቸውን ሰዎች ቤት ይቁጠራቸው፤ ለአንድ ቀን ድንኳንና ለሦስት መቶ እንግዳ ለዓመታት ዕዳ ሲከፍሉ ‹‹ለምን?›› ያላቸው ሰው አላየሁም።

አሁን ዝግጅቱ ወደ ማለቂያው ነው። ቢጫ ወባውን ተከትባ ቢጫዋን ካርድ ይዛለች፤ ክትባቱ ህንድ ከመግባት ቢያንስ አሥር ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት። የፓስፖርቷን ቅጂ ለእናቷና ለአንዲት ጓደኛዋ ሰጥታለች። ጾመ ፍልሰታ ህንድ ሳለች ስለሚገባባት ‹‹ቢና ጊ፣ ቢና ዱድ›› ማለትን እየተለማመደች ነው፤ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት ማለት ነው። ሥጋ የማይበላው ሕዝብ ብዙ ቢሆንም ቅቤውን አይምሬ ነው አሉ። እናቷ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥረውላታል፤ ስለ ውሃ አቀባዩ ነገር ግን ዛሬም እያነሡባት ነው። የሻንጣዋ ሰፊ ቦታ የተያዘው በዝናብ ልብስ ነው።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዋን ወረቀት ልትፈርም መጥታ ሳለ፣ በሐምሌ ሙምባይ ላይ ማዕበሉ የባሕር ዳርቻውን ግንብ እየዘለለ መንገደኛውን እንደሚያጥብ በቪዲዮ ማየቴን ነገርኳት፤ ‹‹ቲቸር፣ ከዳር ራቅ ብለው ይቁሙ›› አልኳት። ብዕሬን እየመለሰችልኝ ‹‹እርሱንማ አስተምሬዋለሁ›› አለችኝ።