የአባዬ ሽጉጥ ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ?

እኛ ቤት ሰሞኑን የጦፈ ክርክር ላይ ነን። ርዕሱ የአባዬ ሽጉጥ ነው። «ይሸጥ» የሚል ወገን አለ፣ «ይቀመጥ» የሚል ወገን አለ፣ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገም አለ (ታናሽ ወንድሜ፤ ከስልኩ ቀና ያለ ቀን ድምፅ ይሰጥ ይሆናል)። እኔ ጋዜጠኝነት ስለተመረቅኩ ሁለቱንም ወገን በሚዛናዊነት እንዳዳምጥ ይጠበቅብኛል። አዳመጥኩ። ሚዛናዊነቴ ግን ሁለተኛው ቡና ላይ አለቀ። ስለዚህ አቋሜን ልጽፍ ነው።

መጀመሪያ ተከሳሹን ላስተዋውቃችሁ። ማካሮቭ ይባላል። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1951 ለሠራዊቷ የመረጠችው፣ ባለ ስምንት ጎራሽ፣ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት የሚበላ ትንሽ ሽጉጥ ነው። ባዶውን ሲመዘን ሰባት መቶ ግራም ከምናምን ነው፤ ከአንድ ሊትር ውሃ ያንሳል። ለልጅ እጅ ግን ይከብዳል። ከየት አወቅሽ እንዳትሉኝ፣ እመጣበታለሁ።

አባዬ በሕይወቱ የያዘው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ሽጉጥ ይኸው ነው። ያገኘው ደግሞ በገንዘብ አይደለም። ጊዜው ግንቦት 1983 ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ግንቦት 13 ቀን አገር ለቀው ሄደዋል፤ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ የገባው ግንቦት 20 ነው። በመሃል ባለችው ሳምንት የተበተነው ሠራዊት መሣሪያውን እንደያዘ በየጎዳናው ነበር። ክላሹን በዳቦ ዋጋ የሸጠ ወታደር እንደነበር የዚያን ጊዜ ሰዎች ያወራሉ። አባዬ ያኔ የ23 ዓመት ወጣት ነው፤ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ጎሚስታ ውስጥ ይሠራል። አንድ መኮንን እያነከሰ ይመጣል። የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ የሲቪል ልብስና ወደ ጅማ መሳፈሪያ። አባዬ ለፋሲካ ያሰፋውን ቡኒ ኮት አውልቆ ሰጠው፣ ኪሱ ውስጥ የነበረውንም ጨመረለት። ሰውየው የወታደር ሸሚዙን ጎማው ክምር ላይ ጣለና ሽጉጡን ከነቆዳ ማኅደሩ አስረከበው። «ይኼን ካገኙብኝ አልተርፍም፤ አንተ ያዘው» አለው። ስሙን አልነገረውም። አባዬም አልጠየቀውም።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ኮቱ አንዳንዴ ቡኒ ነበር፣ አንዳንዴ ግራጫ። አንድ ጊዜ ወታደሩ አለቀሰ፣ ሌላ ጊዜ ሳቀ። ያልተለወጠው «ስሙን አልጠየቅኩትም» የምትለው መጨረሻ ናት። አባዬ እሷ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ትንሽ ዝም ይል ነበር።

አባዬ ዐረፈ። ተዝካሩ ወጣ። ማካሮቩ እማዬ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላዎቹ ሥር ነው።

የ«ይቀመጥ» ወገን መሪ ጋሼ ነው፤ የአባዬ ታናሽ ወንድም፣ ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው። «የአባት መሣሪያ ገበያ አይወጣም» ይላል፤ ለሱ ክርክሩ እዚያ ላይ አልቋል። ልረዳው እሞክራለሁ። እሱ ባደገበት አገር ወንድ ሲሞት ልብሱና መሣሪያው ለቅሶው ላይ ይወጣል፤ አልቃሽ እሱን እያየች ነው የምታወርደው። አባዬ ሲቀበርም ማካሮቩን ሊያወጣው ፈልጎ ነበር። የቁም ሳጥኑን ቁልፍ የደበቀችው እማዬ ናት። እስካሁን በሙሉ ዓይናቸው አይተያዩም።

የ«ይሸጥ» ወገን ደግሞ የአክስቴ ልጅ ነው። ደላላ አግኝቷል። የቀረበውን ዋጋ አልጽፈውም፤ የእማዬን የሁለት ዓመት ጡረታ ይበልጣል። እማዬም ወደዚህ ታደላለች፤ ለገንዘቡ ብላ አይደለም። «ብቻ ከቤቴ ይውጣልኝ» ነው የምትለው።

እኔ ሁሉም ሰው መሸጥን እንደ ሰላማዊው አማራጭ ማየቱ ነው የገረመኝ። ሸጥን፣ ተገላገልን! ሕጉን እንኳ ለጊዜው እንተወው ብል ሕጉ አይተወንም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝንም፣ መሸጥንም፣ ለሌላ ማስተላለፍንም ይከለክላል። እኛ ጋ ያለው ያረጀ የፈቃድ ወረቀት በአባዬ ስም የተጻፈ ነው። አባዬ ደግሞ የለም።

ከሕጉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ዋጋው ነው። አንድ ያረጀ የሩሲያ ብረት ለምን ይህን ያህል ያወጣል? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከ2013 እስከ 2015 መጀመሪያ በሰሜን ጦርነት ነበር፤ በ2015 ክረምት ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ ሌላው ተቀሰቀሰ። በመሃሉ እገታው፣ መንገድ መዝጋቱ። ሽጉጥ የሚወደደው ሰው ሲፈራ ነው፤ ወይም ሊያስፈራ ሲፈልግ። ደላላው የሚያመጣልን ሰው ከሁለቱ አንዱ ነው። ጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። መኪና ስንሸጥ ስም ይዛወራል፣ ቤት ስንሸጥ ውል እንፈራረማለን። ማካሮቩ ግን ከእጃችን ከወጣች ደቂቃ ጀምሮ የት እንደገባ አናውቅም። በ1983 ስም ከሌለው ሰው መጣ፤ አሁን ስም ወደሌለው ሰው ይሂድ ነው የምንለው። ያን ጊዜ ከተበተነው መሣሪያ ስንቱ ዛሬም ይሠራል ብዬ ሳስብ ያመኛል። የያኔው የመቶ ብር ኖት ተቀይሮ ከገበያ ወጥቷል፤ ማካሮቩ ግን የሚፈልገው ትንሽ ዘይት ብቻ ነው።

ታዲያ ከጋሼ ጋር ነሽ ትሉኛላችሁ። አይደለሁም።

አባዬ ደግ ሰው ነበር፤ ኮቱን ያወለቀው እሱ ነው። ይህን የምጽፈው ያንን ልሰርዝ አይደለም። አራተኛ ክፍል እያለሁ አንድ ማታ ከእማዬ ጋር ተጣሉ። በገንዘብ ነበር፤ ዝርዝሩን አላስታውስም። እማዬ መልስ እየሰጠች ነው፣ አባዬ ድምፁ ከፍ እያለ ነው። ከዚያ ተነሣ፣ ቁም ሳጥኑን ከፈተና ማካሮቩን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ከሞሰቡ አጠገብ አስቀመጠው። አልደገነም። አንድ ቃል አልተናገረም። ቁጭ አለ። ክርክሩ እዚያው አለቀ። እማዬ ሳህኖቹን ሰበሰበች፤ ከዚያ ጨርቅ አምጥታ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ በሽጉጡ ዙሪያ፣ ሳትነካው።

ከዚያ ማታ በኋላ አባዬ ከቤት ሲወጣ ካዝናውን አውጥታ ጥይቶቹን ትቆጥር ነበር። ስምንት መሆናቸውን ታያለች፣ ትመልሰዋለች። እሷ ሳትኖር እኔ ቆጥሬያለሁ። ክብደቱን ያወቅኩት ያኔ ነው።

አባዬ ያን ነገር ሁለተኛ አላደረገውም። አላስፈለገውም፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ መኖሩን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጋሼ «ማስታወሻ ነው» ሲል እማዬ የምታስታውሰው ጎሚስታውንና ኮቱን አይደለም። ያንን ጨርቅ ነው። ጋሼ ይህን አያውቅም። ከጻፍኩት በኋላ ያውቃል ማለት ነው። ይሁን።

ከገጠር ለሚያነቡኝ አንድ ነገር ልበል። መንደሩ በየሌሊቱ ለሚዘረፍ ገበሬ «መሣሪያህን አስረክብ» ብሎ መስበክ ከኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቀላል ነው፤ አልሰብክም። የማወራው ስለ እኛ ቤት ነው። እኛ ቤት ደግሞ 19 ዓመት የሆነው፣ አባቱ ከሞተ ወዲህ ሌሊት የማይተኛ፣ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር የማይናገር ልጅ አለ። ሽጉጥ ባለበት ቤት ሰው ራሱን የማጥፋት ዕድሉ ከሌለበት ቤት እንደሚበልጥ በብዙ ጥናት የታየ ነው። ወንድሜ እንዲህ ያስባል እያልኩ አይደለም። እማዬ ግን ሰሞኑን እንደገና ጥይት መቁጠር ጀምራለች። በማን ምክንያት እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ሦስተኛ ነው፤ ሁለቱም ወገን እኩል ጠልተውታል። ሽጉጡን ለፖሊስ እናስረክብ፣ ማኅደሩን እናስቀር። የአክስቴ ልጅ «እነሱ ራሳቸው ይሸጡታል» ብሎ ሳቀብኝ። ይህን ፍርሃት አልንቀውም፤ ግን ቢያንስ ቁጥሩን ጽፈን፣ ፎቶ አንሥተን፣ የተረከበው ሰው የፈረመበት ወረቀት ይዘን እንመለሳለን። (ሽጉጥ በቦርሳ ይዞ መንገድ ላይ መገኘት ሌላ ጣጣ ስለሆነ መጀመሪያ ሄደን እናሳውቃለን።) ገንዘቡ አያሳሳሽም ወይ ካላችሁ፣ ያሳሳኛል። ደላላው ያለው ብር የወንድሜን የኮሌጅ ክፍያ ይሸፍን ነበር። ይህን ለእማዬ ስነግራት ጥቂት አሰበችና «እኔ እንጀራ እየጋገርኩ አስተምረዋለሁ» አለች። ወገቧን እያመማት ነው ይህን የምትለው፤ ስለዚህ ሐሳቤ በነፃ የመጣ አይደለም፣ የሚከፈለውም በኔ ወገብ ብቻ አይደለም።

እሁድ ጋሼ ይመጣል። ማኅደሩን ሳሳየው ምን እንደሚል አላውቅም። ውስጠኛው ቆዳ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ ግማሹ ጠፍቷል፣ የሰውየው የመታወቂያ ቁጥር ይመስለኛል። አባዬ አይቶት ይሆን? ሰውየው በሕይወት ካለ ዛሬ ሽማግሌ ነው። ጅማ ደርሶ ከሆነም፣ ልጆቹ ሰሞኑን አንድ ያረጀ ቡኒ ኮት ይጣል አይጣል እያሉ እየተከራከሩበት ሊሆን ይችላል። ወይም ግራጫ።