የድርቅ ክፍያ ቀኑ ይታወቅ

ጉና ተራራ ላይ ክረምቱ ሲዛነፍ ወይም መስከረም ላይ በረዶ ገብሱን ሲመታው ወሬው ከማሳው ወደ ገበያ ለመውረድ ጊዜ አይፈጅበትም። ለሽያጭ የሚቀርበው በግና ፍየል ይበዛል፣ ዋጋው ይወርዳል፤ እህሉ ደግሞ ይወደዳል። የላይ ጋይንት ገበሬ መጀመሪያ በጉን፣ ቀጥሎ ጊደሯን ይሸጣል። ወደ በሬው ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። በሬ የሌለው ሰው መሬቱን ለባለ በሬ በእኩል ይሰጥና የከርሞውን ምርት ግማሽ ያጣል።

ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ይህን ሽያጭ ለማስቀረት ነበር። ከዚያ በፊት መንግሥት በየዓመቱ የተረጂ ቁጥር አውጥቶ ለጋሾችን ይጠይቅ ነበር፤ እህሉ እስኪደርስም ከብቱ ይሸጥ ነበር። አዲሱ መርሐ ግብር ለዕርዳታው አስቀድሞ በጀት ያዘለት። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳም ታቀፉ። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት የሥራ ቀን ይታሰባል፤ አምስት ነፍስ ያለው ቤት 25 ቀን ይሠራል ማለት ነው። ጉልበት የሌላቸው አረጋውያንና ሕሙማን ሳይሠሩ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ።

ሥራው የዋዛ አይደለም። ከጥር እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ገበሬው በተራቆተው ተዳፋት ላይ ድንጋይ እየፈነቀለ እርከን ይሠራል፣ ቦረቦሩን በክትር ያስራል፣ የችግኝ ጉድጓድ ይቆፍራል። ላቡን ያፈሰሰበት ደመወዝ ነውና ማንም እንደ ምጽዋት ሊቆጥርበት አይገባም።

ደመወዙ ግን ሲዘገይ ኖሯል። የሥራ ቀን መዝገቡ ከቀበሌ ወደ ወረዳ ይወጣል፣ ይመረመራል፣ ይፈረምበታል። ገንዘቡም ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ይወርዳል። አንዱ ጋ ከቆመ የየካቲቱ ክፍያ ግንቦት ላይ ሊደርስ ይችላል። እስከዚያ ልጆች መብላት አለባቸው፤ አባት በአራጣ ይበደራል፣ ክፍያው ሲመጣም ቆጥሮ ለአበዳሪው ያስረክባል።

የብሩ አቅምም ሌላ ጣጣ ነው። መርሐ ግብሩ ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ገበያውን አልደረሰበትም። ብዙዎች ብሩ ቀርቶ እህል ይሰጠን አሉ። ልክ ነበሩ።

በጊዜ መክፈል እንደሚቻል የታየበት ዓመት አለ። በ2003 ዓ.ም. ድርቅ የሴፍቲኔቱ መጠባበቂያ ገንዘብ ተለቅቆ በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ 6.5 ሚሊዮን ነባር ተጠቃሚዎች ተጨማሪ ክፍያ አገኙ፤ 3.1 ሚሊዮን አዲስ ሰዎችም ተጨመሩ። ገንዘቡ ቀድሞ ስለተቀመጠ ልመና መጠበቅ አላስፈለገም።

አሜሪካ ውስጥ በየሳምንቱ ሐሙስ የድርቅ ካርታ ይወጣል። አንድ ካውንቲ (የእኛን ወረዳ ይመስላል) በካርታው ላይ በሕግ የተቀመጠውን ደረጃ ከነካ፣ ግጦሹ የደረቀበት ከብት አርቢ ካሳ የመጠየቅ መብት ያገኛል። ያንን ያህል ገንዘብ የለንም፤ ደንቡን መውሰድ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2017 ዓ.ም. የውጭ ዕርዳታውን ሲያግድ በየአገሩ የደረሰው መደናገጥም የራስን መጠባበቂያ መያዝ ለምን እንደሚያስፈልግ አሳይቷል።

የላይ ጋይንቷ ከተማ ንፋስ መውጫ ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. በህወሓት ተዋጊዎች እጅ ቆይታለች፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም የአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ውስጥ ገብቷል። መንገድ በሚዘጋበት አገር ክፍያው ለሦስት ወር አስቀድሞ ወረዳው ላይ መቀመጥ አለበት። የክፍያው ቀን በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ መጠኑ በየሦስት ወሩ በንፋስ መውጫ ገበያ የገብስና የስንዴ ዋጋ ይከለስ። ክፍያው ከቀኑ አንድ ወር ካለፈ፣ ያዘገየው መሥሪያ ቤት ምክንያቱን ለወረዳው ምክር ቤት በጽሑፍ ያቅርብ።