ይድረስ ልጅዎን ኮሌጅ ለሚልኩ ወላጅ



ይህን የምጽፈው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሌላ የአሜሪካ ስቴት ሁለት ሥራ እየሠሩ ልጅዎን ለኮሌጅ ላበቁት ለእርስዎ ነው። የመግቢያ ደብዳቤ በሚደርስበት ወቅት በየቤቱ አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። ልጅቷ ስሙን ሰምተነው የማናውቀውን ትንሽ ኮሌጅ ትፈልጋለች፤ ወላጅ ደግሞ ሁሉም የሚያውቀውንና ረከስ ያለውን የስቴቱን ዩኒቨርሲቲ።

ረከስ ያለው ግን የትኛው ነው? በድረ ገጽ ላይ የሚታየውን ክፍያ ብዙ ቤተሰብ አይከፍለውም። ማሳቹሴትስ ያለው ዊሊያምስ ኮሌጅ ሁለት ሺህ ገደማ ተማሪ ይዞ የሚጠይቀው ዋጋ ያስደነግጣል፤ ሆኖም ከ2022 ጀምሮ የገንዘብ ድጋፉን በሙሉ ብድር የሌለበት ስጦታ አድርጎታል። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ ኮሌጅ ከ1892 ወዲህ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ተማሪው በግቢው ውስጥ ይሠራል። እንዲህ ያለ ቦታ መግባት ከባድ ነው። ነገር ግን ጎበዝ ልጅ የተጻፈውን ዋጋ ፈርቶ ማመልከቻ እንኳ ሳያስገባ ሲቀር ያንገበግበኛል።

ትንሽ ሁሉ ግን ሀብታም አይደለም። እዚያው ማሳቹሴትስ የነበረው ማውንት አይዳ ኮሌጅ በ2018 በድንገት ተዘግቶ ተማሪዎቹ በሳምንታት ውስጥ ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋ ተበትነዋል። ስለዚህ የኮሌጁን አቅም ያጣሩ፤ ከገቡት ውስጥ ስንቶቹ እንደሚመረቁም ይጠይቁ። መንግሥት የሚያወጣው የምረቃ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚሰላው በስድስት ዓመት እንጂ በአራት አይደለም፤ ትርፉ ዓመት ደግሞ የሚከፈለው ከእርስዎ ኪስ ነው።

ስለ ዋጋ ይህን ካልኩ ትልቁና ትንሹ ስለሚሰጡት ጥቅም ልናገር። የትልቁ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ፣ የትምህርቱ ዓይነትና የሚያገናኘው ሰው ብዛት አይካድም። ምሕንድስና ለሚፈልግ ልጅ ብዙ ጊዜ እሱ ይሻላል። ግን የእኛን ቤት አስተዳደግ ያስቡት። ታላቅ ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው ብለን ያሳደግነው ልጅ፣ መቶዎች በተቀመጡበት አዳራሽ እጁን አያወጣም፤ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሄዶም አያንኳኳም። ትምህርቱ ሲከብደው ለማንም ሳይናገር ይወድቃል። አሥራ አምስት ሰው ባለበት ክፍል ግን አንድ ቀን ሲቀር መምህሩ ያውቃል፤ ኋላ የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፍለትም የሚጽፈው ስለሚያውቀው ልጅ ነው። ደፋርና ራሱን የቻለ ልጅ ካለዎት የክፍሉ ትልቅነት ብዙ ላያሳስብዎ ይችላል።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅንም አይናቁ። ቨርጂኒያ ባለው ኖቫ በተባለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ የተጠየቀውን ውጤት አሟልቶ ወደ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ መሻገር በስምምነት የተከፈተ መንገድ ነው።

የገንዘብ ድጋፍ ደብዳቤው ከኮሌጁ ሲመጣ ስጦታውንና ብድሩን ይለዩ፤ ብዙ ኮሌጆች ሁለቱን አንድ ላይ ደምረው «ድጋፍ» ይሉታል። በወላጅ ስም የሚወሰደው ብድር የሚከፈለው በእርስዎ ነው፣ ጡረታ ሲወጡም ይከተልዎታል። ገንዘቡ ካልበቃ፣ ወይም ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል የድጋፍ ማመልከቻ ከተሞላ በኋላ ሥራ ከቀነሱ፣ ማስረጃ አያይዘው ለገንዘብ ድጋፍ ቢሮው ይጻፉ። እንደገና እንዲያዩት መጠየቅ መብት ነው፤ በብዙዎቹ ኮሌጆች ተማሪው መግባት አለመግባቱን የሚያሳውቅበት የመጨረሻ ቀን ሜይ 1 ስለሆነ ከዚያ በፊት ይላኩት።