የቲማቲም ሾርባ፦ ከአንድ ድስት ለልጅም ለአያትም

ዛሬ ለጾምም ለፍስክም የሚሆን የቲማቲም ሾርባ አብረን እንሠራለን። ቀላል ምግብ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፤ አሠራሩ ካልታወቀበት ሕፃኑን ያከሳል፣ የአያትንም የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል።

በነርስነት ሳገለግል ሕፃናት በሚመዘኑበት ቀን ከእናቶች ደጋግሜ የሰማሁት ቃል አለ፦ «ሲስተር፣ በየቀኑ ሾርባ በጡጦ አጠጣዋለሁ፤ ግን ክብደት አይጨምርም።» ችግሩ «አጠጣዋለሁ» የሚለው ላይ ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ናት፤ በቀጭን ሾርባ ከሞላች ለምግብ ቦታ አይተርፋትም። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻውን ይበቃዋል፤ ውኃም ሾርባም አያስፈልገውም። ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ የሚሰጠው ምግብ ማንኪያው ዘንበል ሲል ቶሎ የማይፈስ፣ ወፈር ያለ ይሁን። ለዚህ ነው በእኛ ሾርባ ምስር የሚገባው።

ለአምስት ሰው የሚያስፈልገው፦
• 1 ኪሎ በደንብ የበሰለ ቲማቲም
• 1 የሻይ ብርጭቆ ምስር ክክ
• 2 መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት
• 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት
• 1 ካሮት
• 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
• ጥቂት ትኩስ የበሶብላ ቅጠልና ጦስኝ
• 6 ብርጭቆ ውኃ

መጀመሪያ ምስሩን አጥባችሁ ከተከተፈው ካሮት ጋር በውኃ ብቻ ቀቅሉ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ እዚህ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቆላ ያሉ ዘመዶቻችን ቤት ቶሎ የሚበስለው ምስር እኛ ዘንድ የሚቆየው ለዚህ ነው። ቲማቲም ደግሞ ኮምጣጣ በመሆኑ ቀድሞ ከገባ ምስሩ ቶሎ እንዳይለሰልስ ያደርጋል። ምስሩ እስኪፈርስ ታገሡ።

እስከዚያው ቲማቲሙን የፈላ ውኃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ነክራችሁ ላጡትና ክተፉት። በሌላ ድስት ቀይ ሽንኩርቱን በዘይት አቁላሉ፤ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጦስኙንና ቲማቲሙን ጨምራችሁ ለ15 ደቂቃ አብስሉ። ዘይቱን አትተዉት። ቲማቲምን ቀይ የሚያደርገውን ላይኮፒን የተባለ ንጥረ ነገር ሰውነታችን በተሻለ የሚቀበለው በስሎ ከቅባት ጋር ሲሆን ነው። ከዚያ ምስሩ ላይ ገልብጣችሁ ለ10 ደቂቃ አንተክትኩት። መፍጫ ከሌላችሁ በማማሰያ እየደፈጠጣችሁ በወንፊት አሳልፉት። በሶብላው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ብዙ ከፈላ መዓዛው ይጠፋል።

አሁን ጨው ከመግባቱ በፊት የሕፃኑን ድርሻ ቀንሱ። በፍስክ ቀን በደንብ የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍራችሁ ጨምሩበት፤ የምታበሉትም በማንኪያ እንጂ በጡጦ አይሁን። ያደረ ሾርባ ለሕፃን አትስጡ።

የአያት ነገር ደግሞ ከጨው ጋር የተያያዘ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ሲሆን፣ ወጡና ዳቦው ውስጥ ያለውንም ይጨምራል። በየሱቁ የሚሸጠው የሾርባ ኪዩብ ዋና ይዘቱ ጨው ነውና ከዚህ ድስት አይግባ። የጣዕሙን ሥራ በሶብላው፣ ጦስኙና ነጭ ሽንኩርቱ ይሠሩታል።

ስለ ጦስኝ አንድ ነገር ልጨምር። «ጦስኝ ግፊት ያወርዳል» ተብለው ኪኒናቸውን የጣሉ አባቶችና እናቶች አጋጥመውኛል። የደም ግፊት ሳያመው የሚጎዳ በሽታ ነው፤ ኪኒናው ሲቋረጥ ሰውዬው ደህና ነኝ እያለ ሳለ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ጦስኙን ለጣዕም ጨምሩት፤ ኪኒናውን ግን ከሐኪም በቀር ማንም አያስቁማችሁ። ጤና አዳም የምትጨምሩም ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ተዉት። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ቲማቲም ማዘውተሩን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

በሶብላ በአሮጌ ጣሳም ይበቅላል። ዘሩን ከጎረቤት ለምናችሁ ደጃፋችሁ ላይ ዝሩት፤ ውኃ ማጠጣቱን ለልጅ ልጆቻችሁ ስጧቸው። መልካም ማዕድ! ሳምንት በሌላ ርዕስ እንገናኝ።